የታጠነው ውሃ

እቤቴ ወይራ አይጨስም። ጎረቤቴ ለበዓል የጠላ ጋኗን ስታጥን መስኮቴን እዘጋለሁ፤ እሷ ደግሞ የናቅኋት ይመስላታል። ባለፈው ዓመት አላስችል ብሏት «እኔ ምን አድርጌሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጭስ ራሴን ያመኛል አልኳት። ውሸቴን ነው። ጭሱ ሲሸተኝ ከብልባላ ወዲያ ያለ አንድ ግቢ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደፍተው የተደረደሩ ጠርሙሶች ይታዩኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያን ቀን የያዝኩት ሥራ አይሆንልኝም።

የምኖረው ላሊበላ ነው፤ ሥራዬ ውሃ መቅዳት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው፤ «እንስራሽ የታለ ታዲያ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። በወረቀት ላይ ስሙ ረዘም ይላል፤ የውሃ ጥራት ክትትል ይባላል። አንድ ኩባንያ ማዕድን ፍለጋ መሬት ከመቆፈሩ በፊት በአካባቢው ያለው ውሃ ምን እንደሚመስል ተመርምሮ መጻፍ አለበት። ኋላ ውሃው ቢበላሽ «ድሮም እንዲህ ነበር» ማለት እንዳይቻል ነው። እኔ ከወንዝ ወንዝ እየዞርኩ በትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ እቀዳለሁ፤ አዲስ አበባ ያለ ላቦራቶሪ ይመረምራል፤ ቁጥሩ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ሥራው ሲበዛ አሰልቺ ነው። እኔም ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ በየመንገዱ ከሾፌሩም ከአህያውም ስጣላ ነው የምውለው።

ያኛው ወንዝ ግን ከሌሎቹ የተለየ ጉዳይ ነበረው። የመንደሩ ሰው መቆፈሪያው ማሽን የሚያልፍበትን መንገድ በድንጋይ ዘግቶ ነበር። ጠብ ፈልገው አይደለም። ሊቆፈር የታሰበው ከወንዙ ራስ፣ ውሃው ከሚፈልቅበት ላይ ነው። ገብሱን፣ ድንቹንና ነጭ ሽንኩርቱን የሚያጠጡት፣ ከብቱን የሚያወርዱት፣ ራሳቸውም የሚጠጡት ከዚያው ነው። «መጀመሪያ ውሃችን ይጻፍልን፤ ከዚያ ይግቡ» አሉ። ይህን ያሉት በውሃ አባታቸው አፍ ነበር። የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ውሃ በተራ እንዲያካፍል ሰው መርጦ የሾመው ሽማግሌ ነው። ዛሬ ማን ማሳውን እንደሚያጠጣ፣ ማን እስከ ነገ እንደሚጠብቅ የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ወንድሙንና ጠላቱን እኩል ካላየ በሦስተኛው ቀን ይሽሩታል። እኚህኛው ግን ፀጉራቸው እስኪሸብት ድረስ የሻራቸው አልነበረም።

ቀጭን፣ ሳል የማይለያቸው፣ ሲስቁም ሳቁን ሳሉ የሚቀማቸው ሰው ነበሩ። ውሃ ቀምሰው ከየት እንደተቀዳ ይለያሉ እየተባለ ስለ ምላሳቸው የሚወራውን አላመንኩም ነበርና በመጀመሪያው ቀን ልፈትናቸው ተነሳሁ። አንድ ኩባያ ከወንዙ፣ አንድ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥር ካለው ምንጭ፣ አንድ ከገደሉ ማዶ ካለው ምንጭ ቀድቼ አቀረብኩላቸው። ምን እንደፈለግኩ ወዲያው ገባቸው። ጉንጫቸውን እየሞሉ፣ ዓይናቸውን እየጨፈኑ በየተራ ቀመሱ።

«ይኼ የኛው ነው፤ ድንጋይ ድንጋይ ይላል። ይኼ የማርያም ነው። ይኼኛው የማዶ ነው፤ እንዲያው ዝም ያለ ውሃ ነው።»

«ዝም ያለ ውሃ ደግሞ ምን ዓይነት ነው፣ አባቴ?»

«ጠጥተሽው ስትጨርሺ የማታስታውሽው።»

«እኔ እኮ በማሽን ነው የምለካው» አልኳቸው፤ መሸነፌ አናዶኝ።

«ማሽንሽ ስንት ዓመት ውሃ ጠጥቷል?» አሉና ሳቁ፤ ሳላቸው ተከተለ።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። በዚያ ላይ መንገድ በሌላ ምክንያትም የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር ከላሊበላ መውጣት አለመውጣቴ በእኔ እጅ አልነበረም። ስለዚህ የክረምቱን ውሃ በየአስራ አምስት ቀኑ እሳቸው እንዲቀዱልኝ ተስማማን። ለዚህ ሥራ ዋናው ክረምቱ ነው፤ ዝናቡ ከተራራው ምን አጥቦ እንደሚያወርድ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጠርሙሶቹን በሁለት ካርቶን ጭኜ ወረድኩ። በየጠርሙሱ ሥር ጥቂት ጠብታ አሲድ አለ። ውሃው ውስጥ ያለውን ብረትና መሰል ነገር ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ምርመራው ዋጋ የለውም።

ያን ቀን ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሾፌሩ «እንሂድ፣ እንሂድ» እያለ ያጣድፈኛል። እኔም በጥድፊያ «ዋናው ንጽሕና ነው፤ ጠርሙሱ ንጹሕ ካልሆነ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው» አልኳቸው። አሲዱንም ወደ ብርሃን አንስቼ አሳየኋቸው። «ይኼ ያቃጥላል፤ እጅዎን እንዳይነካዎት» አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። እንዳይደፋ አላልኩም፤ ለምን እንደገባም አልነገርኳቸውም። አይገባቸውም ብዬ ነው፤ ሦስት ውሃ በምላሳቸው ለይተው ለነገሩኝ ሰው። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴን ይሞቀኛል። ባለቤታቸው አጠገባችን ቆመው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ የምለውን አንድ በአንድ ይሰሙ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ጠርሙሶቹ አልተቋረጡም። እስከ ብልባላ በአህያ፣ ከዚያ መኪና ሲገኝ በመኪና ይመጣሉ። ከሳጥኑ አውጥቼ የተቀዱበትን ቀን መዝገብ ላይ እያሰፈርኩ ፍሪጅ ውስጥ እደረድራቸዋለሁ፤ ክዳናቸው ላቦራቶሪ ሳይደርስ አይከፈትም። የአንዳንዶቹ አንገት ትንሽ ጠመም ማለቱን አይቻለሁ። ፀሐይ ነው ብዬ አለፍኩ። በነሐሴ፣ ላስታ ውስጥ፣ ፀሐይ! መስከረም ላይ ሁሉንም ባንድ ላይ በአውሮፕላን ላክኋቸው።

ከሳምንት በኋላ ላቦራቶሪ የምትሠራው ልጅ ደወለች።

«ስሚ እስቲ፣ የላክሽልኝ ውሃ ነው ጠላ?»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

«የመጀመሪያውን ስከፍት ቤቱ ሁሉ ወይራ ወይራ ሸተተ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አሲዱም የለበትም» አለችኝ።

በማግስቱ መኪና ፈልጌ ወረድኩ። ለውሃ አባቱ የምናገረውን በየኩርባው እያዘጋጀሁ ነበር፤ ክፉ ክፉውን። ግቢያቸው ስደርስ እሳቸው የሉም። ባለቤታቸውን ከቤቱ ጥግ አገኘኋቸው። ያልተሞሉት ጠርሙሶች በግራዋ ታሽተው፣ ታጥበው፣ በእንጨት ርብራብ ላይ አፋቸውን ወደ ታች ተደፍተዋል። ከሥራቸው ገል ላይ የወይራ ስንጥር ይጨሳል።

«መጣሽ ልጄ?» አሉ፣ ዓይናቸው በጭሱ እያለቀሰ። «እንደው ይኼ የፕላስቲኩ ሽታ አልወጣ ብሎ ሦስት ሦስቴ ነው የማጥነው። ያ ያቃጥላል ያልሽውንማ መጀመሪያውኑ አጥቤ ደፋሁት፤ ውሃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይገባል እንዴ? ከኛ አገር ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ውሃ፣ ባልታጠነ ዕቃ ቢላክ ሰው ምን ይለናል!»

ስንት ዓመት እንስራቸውን በግራዋ አሽተው፣ በወይራ አጥነው፣ ለእንግዳ ውሃ ያቀረቡ ሴት ናቸው። ዋናው ንጽሕና ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ፊታቸው የድግስ ቀን ያለ ይመስል በርቷል።

«ደግ አደረጉ፣ እናቴ» አልኳቸው።

በዚህ መሐል የውሃ አባቱ ከማሳ ሲመለሱ ደረሱ፤ አካፋቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ «ውሃችን ተጻፈ?» አሉኝ።

መልሱ ከባድ አልነበረም። አልተጻፈም፤ የክረምቱ በሙሉ ተበላሽቷል፤ ሰዎቹን አታስገቡ፣ እስከሚቀጥለው ክረምት ጠብቁ። አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ባለቤታቸው አንዱን ጠርሙስ አንስተው እያሸተቱ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ወደኔ ያያሉ።

«ተጽፏል» አልኩ።

በሚመጣው ክረምት ደግሜ እቀዳዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ይሞላል ብዬ ራሴን አባበልኩ። አለቃዬም በስልክ «ቦታውን ባዶ ተይው፤ ለከርሞ እንሞላዋለን» አለኝ። መዝገቡ ላይ «ጠርሙሶቹ ተበክለዋል» ብዬ ጻፍኩ። እኚያ ሴት ሦስት ሦስት ጊዜ ያጠኗቸውን ጠርሙሶች።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የውሃ አባቱ በቅጽሩ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆመው «ውሃችን ተጽፏል፤ የጻፈችው ልጅ በአፏ ነግራኛለች» ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ሰዉ ድንጋዩን አነሳ። ማሽኑ ኅዳር ላይ ገባ፤ ለከርሞ የጠበቀን የለም።

የካቲት ላይ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ወንዙን አየሁት። ውሃው ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ድንጋዮቹ ላይ ግን ዝገት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ከብቶች ወርደው ዳር ላይ ቆመዋል፤ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉና፣ ውሃው አፍንጫቸውን ሊነካ ሲል፣ መልሰው ያነሱታል። አንዲት ሴት በሬዋን በዱላ እየነካች «ጠጣ እንጂ! ጠጣ!» ትለዋለች። በሬው አልጠጣም። ሴትየዋ ዞር ብላ መኪናውን አየች፤ ያወቀችኝ መሰለኝ። አልወረድኩም። እስከ ላሊበላ ድረስ መስታወቱን ዘግቼ ተጓዝኩ፤ ሾፌሩ ሞቀኝ ብሎ ቢያጉረመርምም አልከፈትኩም። ከዚያ ወዲህ ከብት ውሃ ዳር ሲወርድ ካየሁ፣ ጠጥቶ እስኪጠግብ ሳላይ መሄድ አልችልም።

መጋቢት ላይ የውሃ አባቱ ላሊበላ መጡ። ጠዋት ቢሮ ስገባ በር ላይ፣ ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሶ፣ ቆመው አገኘኋቸው። በእግራቸው ነው የመጡት። ሳሉ ብሶባቸዋል። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ስለ ውሃው ጮኸን፣ የኩባንያው ሰዎችም ሰብስበውን ወረቀቱን አነበቡልን» አሉ። «የኛ ወንዝ ላይ ሲደርሱ የክረምት መረጃ የለም አሉ። መረጃ ስለሌለ፣ ውሃው ድሮም እንዲህ ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም አሉ። ልጄ፣ እኔ እኮ ቀድቼ ልኬያለሁ። የለም ማለት ምን ማለት ነው?»

ነገርኳቸው። ያን ጊዜም ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነው፤ ስለ አሲዱ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ጠርሙሱ ግድግዳ። ሰኔ ላይ አይገባቸውም ያልኩት ነገር መጋቢት ላይ ተናግሬ ሳልጨርስ ገባቸው።

«ወይራው ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ወይራው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ለምን እንደገባ ያልነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ተጽፏል ብዬ የዋሸሁትም እኔው ነኝ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን በሩን ዞረው አዩ፤ ሰው እንዳይሰማ ይመስላል።

«ለሷ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «በማርያም ይዤሻለሁ። እሷ ይህን ከሰማች እህል አይወርድላትም።»

እስካሁን አልነገርኳቸውም። ይህን ስጽፍ የማንንም ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው።

ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጡ። ከጠርሙሶቼ አንዱ ነው፤ አንገቱ ጠመም ብሏል፣ ክዳኑ ዙሪያውን በጧፍ ሰም ታሽጓል። ነሐሴ ላይ ከሌሎቹ ጋር ቀድተው፣ ለቤታቸው መታሰቢያ ብለው አስቀርተውት ኖሯል። «ወረቀቱ ከጠፋ ውሃው ይኸው። ሰዎችሽ ይዩት» አሉኝ። ምንም እንደማይረዳ አውቃለሁ፤ የታጠነ፣ አሲድ የሌለበት፣ ወራት የቆየ ውሃ ማንም አይቀበልም። እንዲህ ብሎ መመለስ ግን አቃተኝና ተቀበልኳቸው።

ጠርሙሱ ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ጀርባዬን ስሰጠው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ላቦራቶሪው ላክሁት። እንዲመረመር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነቱ ግን ከዓይኔ እንዲርቅልኝ ነው። ልጅቷ «ለምርመራ አይሆንም» ብላ ውሃውን ደፍታ፣ ባዶውን ጠርሙስ በሳሙና አጥባ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር መለሰችልኝ። ቁፋሮው ከመምጣቱ በፊት ከነበረው ውሃ የቀረው ያ ብቻ ነበር።

በመንደሩ የሆነውን ብልባላ የሚመላለስ ሾፌር ነገረኝ። የውሃ አባቱ ሕዝብ ፊት ቆመው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ መውረድ ፈርቼ ከምንጭ ነበር የምቀዳው፤ ለዚህ ነው ያልተቀበሉት» ብለዋል። በማግስቱ ሌላ የውሃ አባት ተመረጠ። ሾፌሩ ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው፤ «ሽማግሌው ውሃ ፈራ!» ይላል። አፉን ባስይዘው ደስ ባለኝ፤ ግን በማርያም ተይዣለሁ።

ግንቦት ላይ ባለቤታቸው መጡ።

«ሳሉ አልጋ ላይ ጣለው» አሉኝ። «ሐኪሙ ሳንባው ነው፣ የቆየ ነው አለ። አሁን እህልም አይል፤ ያቺን ጠርሙስ አምጡልኝ፣ አንድ ጉንጭ ልቅመስ ይላል።» ከዚያ ተቆጡ። «አሳፈረኝ እኮ ይኼ ሽማግሌ! እኔ እንደዚያ ደክሜ ያጠንኩትን ጠርሙስ፣ የምንጭ ውሃ እየሞላ ሲልክበት ይክረም? ከወንዙ የቀዳሁት እሷን አንዷን ብቻ ነው ይላል። እስቲ እሷን እንኳ ላጠጣው፤ ስጪኝ ልጄ።»

ምን ልበላቸው? ውሃው አዲስ አበባ ቧንቧ ውስጥ ፈሷል ልበላቸው?

«ነገ ራሴ ይዤው እመጣለሁ» አልኩ።

እቤቴ ወይራ ለመጨረሻ ጊዜ የጨሰው ያን ቀን ነው። ያንኑ ጠርሙስ በግራዋ አሸሁት፣ አጠብኩት፣ እሳቸው ሲያደርጉ እንዳየሁት ገል ላይ ደፋሁት። ሦስት ጊዜ። እጄ ስለማያውቅ ጣቴን ፈጀኝ፤ የጠርሙሱም አንገት ይብሱን ጠመመ። ጭሱ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ስንት ጊዜ ባጥበው አልለቅ ብሏል። በማግስቱ መንደሩ ሳልደርስ መኪናውን አቁሜ፣ ክብሪትና ጧፍ በኪሴ ይዤ፣ የማዶው ምንጭ ወረድኩ። ወንዙ ከራሱ ተበላሽቷል፤ የማርያም ምንጭ ሰው አይታጣበትም። ያ ዝም ያለው ምንጭ ብቻ ቀረኝ። ሞልቼ፣ ሰሙን አቅልጬ፣ አሸግኩት።

የውሃ አባቱ መደብ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ጉንጫቸው ጠፍቷል። ባለቤታቸው ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው ሰሙን በጥፍራቸው ላጡት፤ ክዳኑን ሲከፍቱ ሽታው ወጣ። ኩባያ ላይ ቀድተው በሁለት እጃቸው አጠጧቸው። የውሃ አባቱ ውሃውን አፋቸው ውስጥ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እኔ የቤቱን ወለል አየሁ። ወንዙ ከታች ይሰማል፤ ድምፁ አልተበላሸም።

ዋጡት። ዓይናቸውን ገልጠው ባለቤታቸውን አዩ።

«ወይራሽ እስካሁን አለ» አሏቸው። «እጅሽ ነው፤ አይጠፋኝም።»

ከመጋቢት ጀምሮ በቁጣ የከረመው የሴትየዋ ፊት ተፈታ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። የውሃ አባቱ ኩባያውን ከእጃቸው ተቀብለው ወደኔ ዘረጉ።

«እንቺ፣ አንቺም ቅመሺ» አሉኝ።

ቀመስኩ። ወይራው አፌን ሞላው፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ምንም አላለም። ቀና ስል የውሃ አባቱ ያዩኛል። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ውሃ ቀምሰው ከየት እንደተቀዳ ሳይናገሩ ሲቀሩ ያየሁት ያን ጠርሙስ የቀመሱ ቀን ብቻ ነው።